ከወንበሩ አልነሳም ያለው ሰው፦ ስለ አልቪን ከርሊንግ የከፈትኩት ውይይት

ውይይቱ ረዘመ። አዲስ የሚገቡ ሰዎች ከየት እንጀምር እያሉ በውስጥ መስመር ይጠይቁኛል። ስለዚህ እስካሁን የተባለውን በየተራ ቁጥሩ ላውጋችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መነሻው ላይ የጠየቅኩት ይህን ነበር። ኦንታሪዮ ውስጥ የካቢኔ ሚኒስትር ለመሆን የበቃው የመጀመሪያው ጥቁር ሰው አልቪን ከርሊንግ ነው። ቶሮንቶ የምንኖር አበሾች ለምንድነው ስሙን እንኳ የማናውቀው? የአዲስ አበባን ሹም ሽር በሰዓቱ እንከታተላለን። የኦታዋውንም ትንሽ ትንሽ እንሰማለን። የቤት ኪራዩን ሕግ፣ የልጆቻችንን ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታሉን፣ መንጃ ፈቃዱን፣ ዝቅተኛውን የሰዓት ክፍያ የሚወስነው ግን ኩዊንስ ፓርክ ያለው የክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት ነው። እዚያ ምክር ቤት ውስጥ ከርሊንግ 20 ዓመት ተቀምጧል።

ታሪኩንም በአጭሩ አስቀምጬ ነበር። በ1939 ጃማይካ ኪንግስተን ተወለደ። በ1965 ለትምህርት ካናዳ መጣ። ሴኔካ ኮሌጅ ውስጥ የተማሪዎች አገልግሎትን መርቷል። ማንበብና መጻፍ ለማስፋፋት የሚሠራውን ወርልድ ሊተራሲ ኦፍ ካናዳንም በፕሬዚዳንትነት መርቷል። በ1985 ሊበራል ፓርቲን ወክሎ፣ ዛሬ የቶሮንቶ ምሥራቅ ክፍል በሆነችው በስካርቦሮ፣ በስካርቦሮ ሰሜን ተመረጠ። ያኔ ኦንታሪዮን ለ42 ዓመት ያለማቋረጥ ሲገዛ የኖረው ኮንሰርቫቲቭ ፓርቲ ከሥልጣን ወረደና የሊበራሉ ዴቪድ ፒተርሰን የክፍለ ሀገሩ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። ከርሊንግን የቤቶች ሚኒስትር አደረገው። በ1987 የሙያ ሥልጠና ሚኒስትር ሆነ። በ1989 ከካቢኔ ወጣ።

ከዚያ የራሴን ሐሳብ ጨመርኩ። የዚህ ሰው ትልቁ ሥራ በሚኒስትርነቱ ዘመን የሠራው አይደለም። ትልቁ ሥራው ምንም ሥልጣን ሳይኖረው፣ ተቃዋሚ ወንበር ላይ ሆኖ፣ በ1995 አንድ አዋጅ በጥድፊያ እንዳይጸድቅ ከዚያ ወንበር አልነሳም ያለበት ሌሊት ነው።

1ኛው መልስ ሰላምታና ምስጋና ነው፤ ስሙን ዛሬ ገና እንደሰማ የጻፈ ወንድም ነው። 2ኛው ግን ሙሉ በሙሉ በመተማመን ተሳስተሃል አለኝ። የመጀመሪያው ጥቁር ሚኒስትር ሊንከን አሌክሳንደር ነው፣ በስሙ መንገድ ሁሉ አለ አለ።

3ኛዋ በእኔ ፈንታ መለሰችለት፣ በጣም በትህትና። ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ፣ የምታወሩት ግን ስለ ሁለት መንግሥት ነው ብላ አስረዳች። ሊንከን አሌክሳንደር የሐሚልተን ሰው ነው። በ1968 ለፌዴራሉ ፓርላማ ተመርጦ በ1979 የፌዴራል የሥራ ሚኒስትር ሆነ። በ1985 መስከረም ላይ ደግሞ የንግሥቲቱ እንደራሴ ሆኖ ኦንታሪዮ ላይ ተሾመ። ያ ሹመት እንደ ካቢኔ የፖለቲካ ሥልጣን አይደለም። ከርሊንግ የክፍለ ሀገሩ ካቢኔ ውስጥ ነው የገባው። ሁለተኛው ጸሐፊ ወዲያው ተቀበለ፣ አመሰገነም። ውይይቱ እንዲህ ሆኖ ቢቀጥል ደስ ባለኝ።

4ኛው እኔም የዘለልኩትን ሰው አስታወሰ። ለኦንታሪዮ ምክር ቤት የተመረጠው የመጀመሪያው ጥቁር ሊዮናርድ ብሬዝዌት ነው፣ በ1963 ከኢቶቢኮክ። ገና እንደገባ ያደረገው ንግግር በሕጉ መጽሐፍ ላይ አሁንም ለጥቁር ልጆች ብቻ የተለየ ትምህርት ቤት የሚፈቅድ አንቀጽ አለ የሚል ነበር። አንቀጹ በ1964 ተሰረዘ። በ1964! ብዙዎቻችን እንዲህ ያለ ነገር የአሜሪካ ብቻ ይመስለናል። 5ኛዋ ደግሞ ዛናና አካንዴን አነሳች። በ1990 የቦብ ሬይ የኤንዲፒ (ኒው ዴሞክራቲክ ፓርቲ) መንግሥት ውስጥ የማኅበራዊ አገልግሎት ሚኒስትር የሆነች ናት፤ በክፍለ ሀገሩ ካቢኔ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት። ወንዶቹን ብቻ እየቆጠርን እንዳንቀር ብላ በትንሹ ቆንጠጥ አደረገችኝ። ትክክል ናት፣ መነሻ ጽሑፌ ላይ ማስገባት ነበረብኝ።

6ኛው አንድ መስመር ነው፣ የሚኒስትርነቱን ሥራ ንገረን የሚል። ልመልስ ስል እትዬ ቀደሙኝ።

እትዬ የምላቸው 7ኛዋን ጸሐፊ ነው። ዕድሜያቸውን ጠቅሰዋልና እንደዚያ ልጥራቸው። ከሱዳን አልፈው በ1986 ስካርቦሮ የገቡ ናቸው። ሁለት ሕፃናት ይዘው አንድ መኝታ ቤት ባለው አፓርትመንት ውስጥ ይኖሩ ነበር። በሁለተኛው ዓመት አከራዩ በአንዴ ሕጉ ከሚፈቅደው በብዙ የበለጠ ኪራይ ጠየቃቸው። እንግሊዝኛቸው ገና ነው። የሚያውቁት ሰው የለም። አንድ የኤርትራ ልጅ አብሯቸው ፈረቃ የሚሠራ፣ የኪራይ ጉዳይ የሚያይ ቢሮ አለ ብሎ እጃቸውን ይዞ ወሰዳቸው። ወራት ፈጀ። በመጨረሻ ግን አከራዩ በትርፍ የወሰደውን እንዲመልስ ተወሰነ። ያንን ሕግ ያወጣው ሚኒስትር ማን እንደሆነ እስከዛሬ እንደማያውቁ ጻፉ። የዚያን ቀን ሦስቴ አነበብኩት።

ሕጉ የ1986ቱ የኪራይ ሕግ ነው። ሊበራሎቹ ሥልጣን በያዙበት በ1985 ዓመታዊው የኪራይ ጭማሪ ጣሪያ ከ6 በመቶ ወደ 4 በመቶ ወርዶ ነበር። በ1986 ደግሞ ከ1975 በኋላ የተሠሩ ሕንፃዎች፣ እስከዚያ ከቁጥጥር ውጭ የነበሩት፣ በሕጉ ሥር ገቡ። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ሕግ የኪራይ ሕንፃ እያፈረሱ ወይም ወደ ኮንዶ እየቀየሩ ተከራይ ማባረርን ገደበ። የቤቶች ሚኒስትሩ ከርሊንግ ነበር። ይህን 8ኛ አድርጌ ለጠፍኩ።

9ኛው ላይ ድምፁ ተቀየረ። ይህ ወንድም፣ በጽሑፉ ብስለት የሚታይበት ሰው ነው፣ ሰውዬውን አታመልኩት አለን። የ1986ቱ ሕግ ቀዳዳ ነበረው። አከራዮች ሎቢውን በእብነ በረድ አሳምረው ወጪውን በተከራዩ ኪራይ ላይ ይጭኑ ነበር። ቢሮዎቹም በፋይል ተጨናንቀው ነበር። ኤንዲፒ በ1992 ሌላ ሕግ ያወጣው ያኛው ስላልበቃ ነው። የሌሊቱን ነገርም አጣጣለው። አዋጁ በመጨረሻ ጸድቋል፣ ታዲያ መቀመጡ ምን ጠቀመ? ትርዒት ነው አለ።

ስለ ኪራይ ሕጉ የጻፈው እውነት ነው። ትርዒት ያለው ግን አልዋጥልኝ አለ። 10ኛውን መልስ ረጅም አድርጌ የጻፍኩት ለዚህ ነው።

በ1995 የኦንታሪዮ ኮንሰርቫቲቭ መሪ ማይክ ሃሪስ በሰፊ ድምፅ አሸነፈ። ኖቬምበር 29 ቀን መንግሥቱ አዋጅ 26 የተባለውን ጥቅል ሕግ አቀረበ። ያን ቀን ተቃዋሚዎቹ የበጀት መግለጫውን አስቀድመው ለማንበብ አንድ ክፍል ውስጥ ተዘግቶባቸው ነበር። አዋጁ በአንድ ጊዜ ብዙ ሕጎችን የሚቀይር ነው። ሆስፒታል የመዝጋት ሥልጣን፣ ከተሞችን የማዋሐድ፣ የመድኃኒት ክፍያ፣ ሁሉም በአንድ ጥራዝ። ከፈረንጅ ገና በፊት ይጽደቅ ተባለ። ሕዝብ ቀርቦ አስተያየት የሚሰጥበት ጊዜ ከምንም የማይቆጠር ነበር።

ዲሴምበር 6 ቀን ድምፅ ሲሰጥ ስም ይጠራል። ምክር ቤቱ ውስጥ ያለ አባል ያኔ ድምፅ የመስጠት ግዴታ ነበረበት። ከርሊንግ ተራው ሲደርስ ዝም አለ። ተቀመጠ። አፈ ጉባኤው ውጣ አለው። አልወጣም። ሥነ ሥርዓት የሚያስከብረው ሹም እንዲያስወጣው ታዘዘ። ይኼኔ የሊበራልም የኤንዲፒም አባላት መጥተው ከበቡት። እንደ አጥር ቆሙ። ሹሙ ሊደርስበት አልቻለም፣ በጉልበት ልግፋ ቢል ደግሞ የምክር ቤት አባላትን ሊደበድብ ነው። ስብሰባው ቀጥ አለ። ሌሊቱን ሙሉ እዚያው ሆኑ፣ 18 ሰዓት ያህል።

መንግሥት በመጨረሻ ተስማማ። በጃንዋሪ 1996 ኮሚቴዎች በየከተማው እየዞሩ የሕዝብ አስተያየት ሰሙ። አዋጁ በወሩ መጨረሻ ጸደቀ፣ እውነት ነው። ግን ማሻሻያ ገብቶበት ነው የጸደቀው። ነርሱም፣ ሐኪሙም፣ የከተማው ሰውም ማይክ ይዞ የሚያስበውን ተናግሯል። ሥልጣን የሌለው ሰው ያገኘው ይህን ነው፤ አንድ ወር። እኔ አንድ ወርን ትንሽ ነገር አልለውም። አዋጅ ማታ ተነቦ ጠዋት ሲጸድቅ አይተን ያደግን ሰዎች ነን እኮ።

11ኛዋ ነርስ ናት። በዚያ አዋጅ የተቋቋመው የሆስፒታሎች መልሶ ማዋቀር ኮሚሽን ሥራ ሲጀምር አዲስ ተቀጣሪ ነበረች። ክፍሏ ተዘጋ፣ ሁለት ዓመት በትርፍ ሰዓት ብቻ ሠራች። ስለ ከርሊንግ ምንም አላለችም። ስለዚያ ክረምት ብቻ ነው የጻፈችው፣ እያንዳንዱ ሰኞ ጠዋት የማን ስም ይወጣ ይሆን እያሉ ስለገቡበት።

12ኛው ስካርቦሮን እንደ ከተማ ያጠፋው አዋጅ 26 ነው አለ። 13ኛው አረመው። ስካርቦሮን፣ ኖርዝ ዮርክን፣ ኢቶቢኮክንና የቀሩትን ከቶሮንቶ ጋር ያዋሐደው በ1997 የወጣው አዋጅ 103 ነው፣ ሥራ ላይ የዋለው በ1998 መጀመሪያ። ከዚያም ይኸው ሰው ርእሱን ይዞት ጠፋ፣ ግን ታሪኩ ጥሩ ስለሆነ ማንም አልከለከለውም። ያን ጊዜ ተቃዋሚዎቹ፣ በተለይ ኤንዲፒዎቹ፣ ከ10,000 በላይ ማሻሻያ አስገቡ። እያንዳንዱ ማሻሻያ የአንድ ጎዳና ስም ይዞ የዚያን ጎዳና ነዋሪዎች አማክሩ የሚል ነው። ሁሉም በተራ መነበብ ነበረበት። ቀንና ሌሊት ለቀናት ተነበበ። አንድ ሌሊት የመንግሥት አባላት ደክሟቸው እንቢ ማለት ረሱና ካፎን ኮርት የሚባል የኢቶቢኮክ ጎዳና አለፈች። 14ኛው የራሱ ጎዳና ስም ተነቦ እንደሆነ ማወቅ ፈለገ። 15ኛው፣ 16ኛውና 17ኛውም የየሰፈራቸውን ስም ጻፉ። ለግማሽ ቀን ውይይቱ የአድራሻ መዝገብ መሰለ።

18ኛው መልሶ ወደ ጉዳዩ አመጣን፣ በኃይለኛ ቃል። ከርሊንግ በ2003 አፈ ጉባኤ ሆነ፣ በኦንታሪዮ ታሪክ የመጀመሪያው ጥቁር። አፈ ጉባኤን እንቢ ያለ ሰው አፈ ጉባኤ ሆኖ መመረጡ ለእኔ የሚያኮራ ነው። 18ኛው ያነሳው ግን የቀጠለውን ነው። በ2005 የፌዴራሉ የፖል ማርቲን መንግሥት በዶሚኒካን ሪፐብሊክ አምባሳደር አድርጎ ሾመውና ወንበሩን ለቀቀ። የመረጠው ሕዝብ በኖቬምበር ማሟያ ምርጫ ማድረግ ነበረበት። አምባሳደርነቱም አልቆየም፤ ሃሪስ ሳይሆን ሃርፐር፣ ስሞቹ ይመሳሰላሉ፣ የፌዴራሉን ሥልጣን ሲይዝ በ2006 ተጠራ። ማልቨርን በሚባለው የስካርቦሮ ሰፈር ውስጥ ወጣቶች በጥይት በሚሞቱበት ጊዜ ሰፈሩን ጥሎ ባሕር ዳርቻ ሄደ ብሎ ነው የጻፈው። ማልቨርን ነው የሚኖረው። ንዴቱ ከሩቅ አይደለም።

19ኛው ሰደበው። ቃሉን አልደግመውም። 20ኛው ስድቡን በስድብ መለሰ፣ ከዚያ ነገሩ ወደ አገር ቤት ፖለቲካና ወደ ዘር ሄደ፣ 21ኛውና 22ኛውም ተከተሉ። አራቱንም መልሶች አስጠፋሁ፣ ለዚህ ነው ቁጥሮቹ ባዶ የሆኑት። ከርሊንግን ስንወያይ አንዱ ሌላውን በትውልድ ሰፈሩ ሲመትር ማየት አሳዝኖኛል። 23ኛው ላይ የ19ኛው ጸሐፊ ይቅርታ ጠየቀ። በስሙ ነው የጠየቀው፣ ሰውየውን ወንድሜ ብሎ። ተቀባይነት አገኘ።

ለ18ኛው የመለስኩት 24ኛው ነው። ወንበሩን በመልቀቁ የተናደደ መራጭ ተሳስቷል አልልም። የሦስት ወር ክፍተት ለአንድ ሰፈር ብዙ ነው። ግን ታሪኩ እዚያ አላለቀም።

በ2007 ቶሮንቶ ውስጥ አንድ የ15 ዓመት ተማሪ ትምህርት ቤቱ ውስጥ በጥይት ተገደለ። የኦንታሪዮው የዳልተን ማክጊንቲ ሊበራል መንግሥት የወጣቶች ጥቃት ሥሩ ምንድነው የሚለውን እንዲያጠኑ ሁለት ሰዎች መረጠ። አንዱ ከርሊንግ ነው። ሌላው ሮይ ማክመርትሪ፣ የድሮ ኮንሰርቫቲቭ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግና የኦንታሪዮ ዋና ዳኛ የነበረ። ሁለት ተቃራኒ ፓርቲዎች ውስጥ ያረጁ ሰዎች ማለት ነው። በ2008 ኖቬምበር ላይ አምስት ቅጽ ሪፖርት አወጡ። ድህነትን፣ ዘረኝነትን፣ የቤት አሠራርን፣ ከትምህርት ቤት መባረርን፣ የአእምሮ ሕክምና ማጣትን እንደ ሥር አስቀመጡ። መንግሥት በዘር የተለየ መረጃ ይሰብስብ፣ የሰፈር ማዕከሎች ይከፈቱ፣ ለወጣቶች የአእምሮ ሕክምና ይስፋፋ አሉ።

25ኛዋ ከወጣቶች ጋር የምትሠራ እኅት ናት። ያንን ሪፖርት በሥራዋ ደጋግማ ታነባለች። ሪፖርቱ ጥሩ ነው፣ ሕመሙ መደርደሪያ ላይ መቅረቱ ነው ብላ ጻፈች። ልጆቹ ሲታገዱ ቀኑን የሚያሳልፉበት ቦታ ዛሬም እንደማይኖር፣ ወላጅ ደግሞ ሁለት ሥራ ላይ እንደሆነ ዘርዝራ አሳየች። 26ኛዋ እናት ናት። ልጇ ስምንተኛ ክፍል እያለ ለተደጋጋሚ ቀናት ታግዶባታል፤ የታገደበትን ምክንያት በሚገባት ቋንቋ የነገራት አልነበረም። 25ኛዋ እዚያው አስተርጓሚ መጠየቅ እንደምትችል ጻፈችላት። የቀረውን በግል እንነጋገር አሏት ሁለት ሦስት ሰዎች።

9ኛው ጸሐፊ 27ኛው ላይ ተመለሰ። ስለ 2005 አሁንም ሐሳቡን አልቀየረም። ስለ ሌሊቱ ግን ትርዒት የሚለውን ቃል አንስቻለሁ አለ። ከዚያ ያላሰብኩትን ነገር ጠየቀ። አዲስ ኮንዶ ውስጥ ነው የሚከራየው፣ አከራዩ በአንድ ዓመት ውስጥ በጣም ብዙ ጨመረበት፣ የከርሊንግ ሕግ ዛሬ የት አለ?

ይኼ ጥያቄ ውይይቱን በአንድ ማታ እጥፍ አደረገው። 28ኛዋ፣ ሥራዋ ከዚህ የሚገናኝ ይመስለኛል፣ በግልጽ አስቀመጠችው። የሃሪስ መንግሥት በ1997 ያወጣው ሕግ ተከራይ ሲለቅ አከራዩ ለሚቀጥለው ሰው ያሻውን ዋጋ እንዲጠይቅ ፈቀደ። ያ እስከዛሬ አለ። ውስጥ ላለ ተከራይ ግን በየዓመቱ ጣሪያ ይወጣል፤ ለ2025 የነበረው 2.5 በመቶ ነው። የዳግ ፎርድ የክፍለ ሀገሩ መንግሥት በ2018 ባወጣው ለውጥ መሠረት፣ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ የኖረበት ከኖቬምበር 15 ቀን 2018 በኋላ የሆነ ቤት ጣሪያው አይነካውም። አዲስ የተሠራ ቤዝመንትም ብዙውን ጊዜ እንደዚያው ነው። ቢሆንም አከራዩ በ12 ወር ከአንድ ጊዜ በላይ መጨመር አይችልም፣ ከ90 ቀን በፊትም በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። በቴክስት ወይም በቃል የተነገረ ጭማሪ ማስታወቂያ አይባልም። 29ኛው፣ 30ኛው፣ 31ኛው የየቤታቸውን ዓመት እየጠቀሱ ጠየቁ፣ እሷም ለሁሉም በትዕግሥት መለሰች። ኪራይ ከመፈረማችሁ በፊት ሕንፃው ሰው መቼ ገባበት ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ያዙ ነው ያለቻቸው።

32ኛው ላይ እትዬ መጡ። ያን የኪራይ ቢሮ ውሳኔ ደብዳቤ ሻንጣ ውስጥ ፈልገው አገኙት። የልጃቸው ልጅ ፎቶ አንሥታ ለጠፈችላቸው። ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል፣ እጥፋቱ ላይ ተሰንጥቋል። የአከራዩን ስም በጣታቸው ሸፍነው ነው የተነሣው። አጠገቡ ሰማያዊ እስክሪብቶ አለ፤ ያ አብሯቸው የሄደው ልጅ ከእንግሊዝኛው ጎን በግዕዝ ፊደል የጻፈላቸው ትርጉም ነው። እንዴት እንደሚባል ግራ ሲገባው አንዳንድ ቦታ ሰርዞ እንደገና ጽፏል።

9ኛው ወንድም ያንን ልጅ ዛሬም ያገኙት እንደሆነ ጠየቃቸው። ኤድመንተን ነው፣ በየፋሲካው ይደውላል ብለው መለሱ።